ፓኔሉ ረከሰ፣ ጉድጓዱስ? የዳንግላ የሶላር መስኖ ጉዳይ ጥናት

በዓለም ገበያ የሶላር ፓኔልን ያህል ዋጋው የወደቀ የኃይል መሣሪያ የለም። እ.ኤ.አ. በ2010 አንድ ዋት ፓኔል ከፋብሪካ ሲወጣ ወደ 2 የአሜሪካ ዶላር ይጠጋ ነበር፤ በ2024 መጨረሻ ቻይና ውስጥ 10 ሳንቲም አካባቢ ደረሰ። ከፓኔል ማምረቻ ሰንሰለቱ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው በቻይና እጅ ነው። ፋብሪካዎቹ ገበያው ከሚፈልገው በላይ ሲያመርቱ ዋጋው እርስ በርስ ተጋፍቶ ወረደ። የዚህ ጥናት ጥያቄ ያ ርካሽ ፓኔል ጎጃም ዳንግላ ደርሶ በእጅ በተቆፈረ ጉድጓድ አፍ ላይ ሲተከል ምን ይሆናል የሚል ነው።

ዳንግላ ለዚህ ጥያቄ ተስማሚ ቦታ ናት። ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በአዊ ዞን፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ግድም ላይ ትገኛለች። በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ ከዚህ ዘጠኝ አሥረኛው ግን የሚወርደው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው። የወረዳው አንዱ ወገን ወደ ግልገል ዓባይና ጣና፣ ሌላው ወደ በለስ ይፈሳል። ጥልቀት የሌለው የከርሰ ምድር ውሃ ስላላት በየጓሮው የእጅ ጉድጓድ ማየት የተለመደ ነው። በዳንግሽታ ቀበሌ ደግሞ ከ2006 ዓ.ም. አንሥቶ ነዋሪዎች ራሳቸው ዝናብ፣ የወንዝ ከፍታና የጉድጓድ ውሃ ጥልቀት እየለኩ መዝግበዋል፤ የምርምር ተቋማትም በዚያው ቀበሌ የተለያዩ የውሃ መሳቢያዎችንና የጠብታ መስኖን በገበሬ ማሳ ላይ ሞክረዋል። ስለዚህ የዳንግላን ጉድጓድ ባሕርይ በግምት ሳይሆን በልኬት መናገር ይቻላል።

የልኬቱም ፍሬ ነገር ይህ ነው። ውሃውን የያዘው ከአፈሩ ሥር ያለው የበሰበሰ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ገበሬው ቆፍሮ ጠንካራው አለት ላይ ሲደርስ ያቆማል። ክረምት ሲገባ ይህ ንብርብር ቶሎ ይሞላል። ዝናቡ ሲያባራ ግን ውሃው ቁልቁለቱን ተከትሎ ወደ ጅረቶች ይወርዳል፤ ማንም አንድ ባልዲ ባይቀዳ እንኳ ደረጃው ይቀንሳል። በሜዳው፣ በወንዝ ዳር ያሉ ጉድጓዶች ዘግይተው ይወርዳሉ። ተዳፋት ላይ ያሉት በየካቲትና በመጋቢት ወደ ጭቃ ይጠጋሉ።

ብሩ የበላው ቅናሽ

ከዋጋው እንነሣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት አንድ ዋት ፓኔል ከቻይና ፋብሪካ ሲወጣ ወደ 24 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር፣ አንድ ዶላር በባንክ 53 ብር ገደማ። ይህ በዋት 12 ብር ከ70 ይሆናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ከዚያ በፊት 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በ2017 አጋማሽ ወደ 125 ብር ደረሰ። በዚያን ጊዜ ፓኔሉ 10 ሳንቲም ነበር፤ በብር ሲመታ በዋት 12 ብር ከ50። የዓለም ገበያ ዋጋውን ከግማሽ በላይ ቀነሰው፣ የብር መዳከም ደግሞ ቅናሹን መልሶ ወሰደው።

ታዲያ ሶላር ለምን ይበልጥ ማራኪ ሆነ? በሌላው ሚዛን ያለው ቤንዚን ስለተወደደ ነው። የነዳጅ ድጎማው መነሳት ሲጀምር፣ በ2014 ማብቂያ አዲስ አበባ ላይ አንድ ሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር፤ በጥር 2017 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። ዳንግላ ሲደርስ ማጓጓዣ ይጨመርበታል፤ በጄሪካን መቅዳት ሲከለከልና ማደያ ሲደርቅ ደግሞ ገበሬው ከጥቁር ገበያ ይሸምታል። ፓኔሉ ባለበት ቆሞ ነዳጁ በእጥፍ ሄደ ማለት ነው። የፓምፑ፣ የኮንትሮለሩ (የፓኔሉን ኃይል ለፓምፑ የሚመጥነው መሣሪያ)፣ የኬብሉና የቱቦው ዋጋ ግን እንደ ፓኔሉ አልወረደም፤ በዶላር ተገዝቶ በአዲሱ ምንዛሪ ይተመናል። «ሶላር ረክሷል» ሲባል የረከሰው ፓኔሉ ብቻ፣ ያውም በዶላር መሆኑን መያዝ ያስፈልጋል።

የቤንዚን ሞተሩ ለምን አይበቃም?

በጎጃም መስኖ የሚታወቀው ትንሹ የቻይና ቤንዚን ሞተር ውሃን የሚያነሳው በመምጠጥ ነው። የሚመጠጥ ውሃን ወደ ላይ የሚገፋው የአየር ግፊት ሲሆን፣ ዳንግላ ከፍታ ላይ ግፊቱ ከባሕር ጠረፍ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። በስሌት 8 ሜትር ሊያነሳ ይችላል፤ በተግባር፣ በቱቦ መጋጠሚያ ከሚገባው አየርና ከፍትጊያው ጋር፣ ከ5 ሜትር ተኩል እስከ 6 ሜትር ነው። በኅዳር ውሃው 5 ሜትር ላይ ሳለ ሞተሩ ይሠራል። በየካቲት 8 ሜትር ሲገባ መጥጦ ማንሳት አይችልም፤ ሞተሩ ቢቀየር፣ ጉልበቱ ቢጨመር ለውጥ የለውም።

በዚህን ጊዜ ሰዎች ሞተሩን በገመድ አስረው ወደ ጉድጓዱ ያወርዱና እዚያው ያስነሳሉ። ይህ ሰው ይገድላል። የቤንዚን ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ በደቂቃዎች ይከማቻል፣ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ይቆያል። ሞተሩን ሊያጠፋ የወረደው ይወድቃል፣ እሱን ሊያወጣ የወረደውም ይከተላል። በዚህ ጽሑፍ ካለው ምክር ሁሉ አንድ ብቻ ይያዝ ከተባለ ይህ ይያዝ፦ የሚነድ ሞተር ጉድጓድ ውስጥ አይገባም።

ሶላር ፓምፑ እዚህ ላይ በእውነት ሌላ ነገር ነው። ሰብመርሲብል ፓምፕ ውሃው ውስጥ ሰጥሞ ወደ ላይ ይገፋል እንጂ አይመጥም፤ ስለዚህ የ6 ሜትሩ ገደብ አይነካውም። ጭስም የለውም።

አንድ ቃዳ ሽንኩርት፣ በወረቀት ላይ

ሻጭ ዘንድ ሲሄዱ የሚጠየቀው «መሬትህ ስንት ነው?» የሚል ነው። አንድ ቃዳ እንበል፣ 2,500 ካሬ ሜትር። በየካቲትና በመጋቢት የደረሰ ሽንኩርት በቀን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ ይፈልጋል፤ ይህ በቃዳው 12.5 ሜትር ኩብ ነው። በቦይ ሲጠጣ ከሚለቀቀው 60 በመቶ ብቻ ለሥሩ ይደርሳል ብንል ከጉድጓዱ መውጣት ያለበት 21 ሜትር ኩብ ይሆናል።

ከፍታውን እንጨምር። ውሃው 9 ሜትር ላይ ነው፣ ሲቀዳ 1 ሜትር ተኩል ይወርዳል፣ ሮቶው 2 ሜትር ከፍ ብሏል፣ ለቱቦ ፍትጊያ 1 ሜትር ተኩል፤ በድምሩ 14 ሜትር። አንድ ሜትር ኩብ ውሃን አንድ ሜትር ለማንሳት 2.725 ዋት ሰዓት ስለሚያስፈልግ 21 በ14 በ2.725 ሲባዛ 800 ዋት ሰዓት ግድም ይመጣል። ፓምፑና ሞተሩ ተደምረው ከሚወስዱት ኃይል 38 በመቶውን ወደ ውሃ ቢለውጡ 2,100 ዋት ሰዓት ይፈለጋል። በበጋ 5 ሰዓት ተኩል ሙሉ ፀሐይ ይገኛል፤ ለሙቀት፣ ለአቧራና ለሽቦ ሩብ ሲቀነስ ወደ 510 ዋት ይሆናል። ዛሬ በገበያ ላይ ያለ አንድ ባለ 550 ዋት ፓኔል ይበቃል ማለት ነው፤ ቁመቱ 2 ሜትር ከ28፣ ስፋቱ 1 ሜትር ከ13፣ ክብደቱ 28 ኪሎ አካባቢ።

ሒሳቡ ትክክል ነው። ሻጩም አልዋሸም። የጎደለው ግን ጉድጓዱ በቀን 21 ሜትር ኩብ ይኖረው እንደሆነ አለመጠየቁ ነው።

ጉድጓዱ ሲለካ

መለኪያው ቀላል ነው፦ በየ10 ሳንቲሜትሩ ምልክት የተደረገበት ገመድ፣ ጫፉ ላይ ድንጋይ፣ አንድ ሰዓት፣ አንድ ደብተር። ልኬቱ የሚወሰደው በመጋቢት መጨረሻ ነው፤ በጥቅምት የሚለካ ጉድጓድ ሁሉ ሀብታም ይመስላል። በማለዳ ማንም ሳይቀዳ የውሃው ጥልቀት ይመዘገባል። ከዚያ ውሃው እስከ ታች ድረስ ይወጣል፣ ቀጥሎ ደረጃው ሲመለስ ለመጀመሪያው ሰዓት በየ10 ደቂቃ፣ ከዚያ በየግማሽ ሰዓት ይነበባል። ዋናው ቁጥር ውሃው ገና ታች ሳለ የሚመለስበት ፍጥነት ነው፤ ወደ ላይ በቀረበ ቁጥር ስለሚዘገይ መጨረሻ ላይ ብቻ የወሰደ ሰው የተዛባ መልስ ያገኛል።

ስፋቱ 1 ሜትር የሆነ ክብ ጉድጓድ በየአንድ ሜትር ቁመቱ 785 ሊትር ይይዛል። ጥልቀቱ 10 ሜትር ተኩል የሆነ ጉድጓድ እንውሰድ። በመጋቢት 1 ሜትር ተኩል ውሃ ቀርቶታል፣ ከተቀዳ በኋላ በግማሽ ሰዓት 10 ሳንቲሜትር ይመለሳል፤ ይህ በሰዓት 157 ሊትር ነው። ፓምፑ ከሥሩ 40 ሳንቲሜትር ለደለል ስለሚተው የሚቀዳው 1 ሜትር ከ10 ብቻ ነው፣ 860 ሊትር። ጧት ይህን ያወጣል፤ ከዚያ በ9 የፀሐይ ሰዓት ውስጥ የሚፈልቀው 1,400 ሊትር ይጨመራል። በድምሩ በቀን 2,300 ሊትር ግድም። ሌሊቱን በሙሉ አይፈልቅም ወይ? ይፈልቃል፣ ግን በዚህ ፍጥነት ቢታሰብ ከ5 ሰዓት ተኩል ያህል ቆይታ በኋላ ጉድጓዱ ሞልቶ ይቆማል። ስለዚህ የአንዱን ሰዓት 157 ሊትር በ24 አባዝቶ 3,770 ሊትር ብሎ መቁጠር የሌለ ውሃ መቁጠር ነው።

2,300 ሊትር በጠብታ መስኖ፣ 90 በመቶው ለሥሩ ደርሶ፣ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ሲታሰብ 400 ካሬ ሜትር ያጠጣል። ከቃዳው አንድ ስድስተኛ ነው።

ያው ጉድጓድ በኅዳር ሌላ ነው። 5 ሜትር ተኩል ውሃ ይዟል፣ በግማሽ ሰዓት 50 ሳንቲሜትር ይመለሳል እንበል፣ በሰዓት 785 ሊትር። በሰዓት 1.5 ሜትር ኩብ የሚያወጣ ፓምፕ በቀን 10 ሜትር ኩብ ያገኝበታል። የሰብሉ ፍላጎትም በዚያ ወቅት ወደ 4 ሚሊ ሜትር ስለሚወርድ 2,250 ካሬ ሜትር ይጠጣል፤ ቃዳ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። እነዚህ የስሌት ቁጥሮች ናቸው፤ የእያንዳንዱ ጉድጓድ ልኬት ይለያል። አካሄዱ ግን በዳንግላ ተዳፋት ሁሉ አንድ ነው፦ በኅዳር የሚያጠግብ ጉድጓድ በመጋቢት ያስርባል።

ከዚህ የሚከተለው የዕቃ ምርጫ

ኅዳር ላይ 10 ሜትር ኩብ በ10 ሜትር ተኩል ከፍታ ለማንሳት ከላይ ባለው ስሌት፣ የትንሹ ፓምፕ ብቃት 35 በመቶ ተብሎ፣ 200 ዋት ይበቃል፤ ደመናና እርጅና ሲታሰብ 300 ዋት። ፓኔሉ ርካሽ ስለሆነ 550 ዋቱን መግዛት ጥፋት አይደለም፤ ጧትና ማታ ደካማ ፀሐይ ላይ እንኳ ፓምፑን ያሠራል። ጥፋቱ ፓምፑን ማተለቅ ነው። በሰዓት 5 ሜትር ኩብ የሚያወጣ ፓምፕ የመጋቢቱን 860 ሊትር በ10 ደቂቃ ውስጥ ያነሳና በደረቅ ይዞራል፤ ጠመዝማዛ ዘንግና ጎማ ያለው ዓይነት ከሆነ ጎማው በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል። በሰዓት ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ኩብ የሚያወጣ ይመረጥ፤ ውሃ ሲያልቅ የሚያጠፋ መቆጣጠሪያና ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቆይቶ የሚያስነሳ ማዘግያ ይኑረው። መቆጣጠሪያው ከፓምፑ አፍ ትንሽ ከፍ ብሎ ይታሰር፤ ፓምፑ ራሱ በናይለን ገመድ ይንጠልጠል እንጂ በኬብሉ አይንጠልጠል።

ኬብል ላይ የሚቆጠብ ብር ውሃ ላይ ይከፈላል። 500 ዋት በ42 ቮልት ሲሄድ 12 አምፔር ይሆናል። ርቀቱ 30 ሜትር ከሆነ፣ በባለ 2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ሽቦ 5 ቮልት መንገድ ላይ ይጠፋል፣ ከኃይሉ 12 በመቶ። በባለ 4 ወደ 3 ቮልት፣ በባለ 6 ወደ 2 ቮልት። በ200 ዋት ኪሳራው ያንሳል፤ ቢሆንም ከ4 በታች መውረድ አይገባም። ውሃ ውስጥ የሚገባ መጋጠሚያ በፕላስተር ብቻ የተጠቀለለ ከሆነ የመጀመሪያው ክረምት ላይ ይበላሻል፤ በሙቀት የሚጣበቅ ባለ ሙጫ ሽፋን ያስፈልገዋል። ሌላው ብዙ ጊዜ የሚረሳ፦ ፓኔል ያለ ጭነት የሚሰጠው ቮልት ሲሠራ ከሚሰጠው ይበልጣል፣ በዳንግላ ብርዳማ ማለዳ ደግሞ ይጨምራል። 50 ቮልት የተጻፈበት ፓኔል 54 ቮልት ሊደርስ ይችላል፤ የኮንትሮለሩ ጣሪያ 50 ከሆነ በመጀመሪያው ማለዳ ይቃጠላል። ከ60 በላይ የሚችል ይመረጥ።

ፓኔሉ ፊቱን ወደ ደቡብ፣ 15 ዲግሪ ዘንበል ብሎ ይተከል፤ ከዚያ ያነሰ ከሆነ አቧራው አይታጠብም። ሮቶው ቢያንስ 2,000 ሊትር ይሁን። ለጠብታ መስኖው ከሮቶው ቀጥሎ ፊልተር የግድ ነው፤ ያለ ፊልተር ቀዳዳዎቹ በደለልና በብረት ዝገት ይደፈናሉ። በዳንግሽታ ከተሞከሩት ውስጥ ውሃ እስከ ሥሩ መድረሱን በሚነሳ ዘንግ የሚያሳየው የአፈር ውስጥ ጠቋሚ ሊረሳ አይገባም፤ ገበሬው ሲጠራጠር አብዝቶ ያጠጣል፣ መሣሪያው ጥርጣሬውን ያስቀርለታል።

የነዳጁ ቁጠባ ብቻ ግዢውን አይሸከምም። በቀን 10 ሜትር ኩብ ለማንሳት የቤንዚን ሞተር ከአንድ ሊትር ብዙ አያልፍም፤ ለ90 ቀን በጥር 2017 የማደያ ዋጋ 9,000 ብር ግድም ነበር። የሶላሩ ትርፍ ያለው ሞተሩ በማይደርስበት በየካቲትና በመጋቢት ውሃ ላይ፣ እና በሰው ጉልበት ላይ ነው። 2,300 ሊትር በባለ 10 ሊትር ባልዲ 230 ጊዜ ገመድ መሳብ ነው፣ በየቀኑ። ያንን የሚስቡት አብዛኛውን ጊዜ ሴቶችና ልጆች መሆናቸው የዚህ ሒሳብ ትልቁ ቁጥር ነው፤ በብር አለመጻፉ አያሳንሰውም።

የሰብል ቀን መቁጠሪያው

ሽንኩርት ችግኙ ማሳ ላይ ከተተከለ በኋላ ከ90 እስከ 110 ቀን ይፈልጋል። በታኅሣሥ የተተከለ መጋቢት ላይ ይደርሳል፤ ኩርቱ የሚሞላበትና ውሃ የሚያልቅበት ጊዜ ይገጣጠማሉ። መፍትሔው ችግኙን በነሐሴ መጨረሻ በሣር ጥላ ሥር ማፍላት፣ በጥቅምት መትከል፣ ጥር ላይ ማንሳት ነው። አደጋው የጥቅምት ጠል የሚያመጣው የቅጠል በሽታ ነውና ከፍ ባለ መደብ ላይ፣ ሳይጠጋጋ ይተከል።

ከዚያ በኋላ ያለው ትንሽ ውሃ ለምን ይዋል? በጎጃም መልሱ ቅርብ ነው፦ የበርበሬ ችግኝ። መደቡ የሚዘራው በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ችግኙ የሚተከለው በሰኔ ዝናብ ነው። አንድ ሔክታር በርበሬ በ70 በ30 ሳንቲሜትር ሲተከል ወደ 47,600 ችግኝ ይፈልጋል፤ ውሃ የሌለው ጎረቤት ሁሉ ገዢ ነው። 400 ካሬ ሜትር ለሽንኩርት አሳዛኝ ስፋት ነው፤ ለችግኝ ጣቢያ ግን ሰፊ ነው።

ብድሩና የጎረቤቱ ጉድጓድ

በየወሩ በስልክ ካልተከፈለ ራሱን የሚቆልፍ ፓምፕ በአፍሪካ እየተስፋፋ ነው። ለጎጃም ሁለት ነገር ይጠየቅበት። አንደኛ፣ የገበሬ ገንዘብ በየወሩ አይመጣም፣ ምርት ሲሸጥ ነው፤ ክፍያው ከጥርና ከሰኔ ጋር ይታሰር። ሁለተኛ፣ መክፈቻው በኢንተርኔት ብቻ የሚመጣ ከሆነ አይገዛ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ ብድሩን የከፈለ ሰው ፓምፕ ተቆልፎ ሰብሉ ይደርቃል። በእጅ የሚገባ የቁጥር መክፈቻ ያለው ይሻላል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የጋራው ነገር ነው። ቤንዚን እያንዳንዱ ሰዓት ዋጋ ስላለው ገበሬው ሳይወድ በግድ ሞተሩን ያጠፋል። ፀሐይ አንዴ ከተገዛች ሒሳብ አትጠይቅም፤ ፓምፑ ከጧት እስከ ማታ ይዞራል። ሕንድ ውስጥ ሶላር ፓምፕ በድጎማ ሲበዛ ይህ ሥጋት ተነሥቷል፤ ለዚህም በ2019 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የመንግሥት መርሐ ግብር ገበሬው ትርፍ ኤሌክትሪኩን ለመስመሩ እንዲሸጥ መንገድ ከፍቷል፣ ውሃ ከማፍሰስ ይልቅ ኃይል መሸጥ እንዲያዋጣ። ዳንግላ ገጠር ያን የሚቀበል መስመር በየማሳው የለም። የዳንግላን በጋ ጅረቶች የሚመግበው ደግሞ ያው ጥልቀት የሌለው ውሃ ነው፤ ላይ ያለው ጉድጓድ ሲነጠፍ ታች ያለው ምንጭና የከብት መጠጫ ይቀንሳል።

እዚህ ላይ የሚሠራው ልኬት ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ፓምፑን ቀኑን ሙሉ ያሠራል፣ ሌላው የጎረቤቱን ጉድጓድ በየሰዓቱ በገመድ ይለካል። ማንም ሳይቀዳበት የጎረቤቱ ደረጃ ከወረደ ሁለቱ ጉድጓዶች አንድ ውሃ ነው የሚጠጡት፤ ፓምፕ የሚሠራበት ቀን በፈረቃ ይደረግ፣ ወይም ሁለቱ አንድ ፓምፕ በጋራ ይግዙ። ሦስተኛ ጉድጓድ በመካከላቸው ከመቆፈሩ በፊት ይህ ልኬት ይቅደም። በየዓመቱ መጋቢት መጨረሻ ላይ የሚወሰደው ቁጥር ካምናው ካነሰ የሚቀጥለው ጥቅምት የሚተከለው መደብ በዚያው መጠን ይቀነሳል፤ ደብተሩ የሚቀመጠውም ለዚህ ነው።